ስጦታው ይድረስ፣ ላሚቱም ትዳን



በአገራችን አራስ ለመጠየቅ፣ ሠርግ ለማድመቅ፣ ለቀስተኛ ለማጽናናት በባዶ እጅ አይኬድም። አንዱ ቅቤ ይይዛል፤ ሌላው እንቁላል፤ ሌላው ድፎ ዳቦ ወይም ማር። ይህ መልካም ልማዳችን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ስጦታው ሳይሆን ስጦታው ስለሚጠቀለልበት ነገር ነው።

ዱሮ እናቶቻችን እንጀራውን በአገልግል፣ ዳቦውን በሌማት፣ ቅቤውን በቅጠል፣ ማሩን በቅል ያደርሱ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ፌስታል ለምደናል። ፌስታል ለመያዝ ቀላል ነው። ስጦታው ከደረሰ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? ከደጅ ይጣላል። ነፋስ ያነሣውና አጥር ላይ፣ ማሳ ውስጥ፣ ግጦሽ ላይ ያሳርፈዋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ላም ስትግጥ ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ ትውጣለች እንጂ እንደ ፍየል በከንፈሯ አትመርጥም። ፌስታሉ የምግብ ወይም የጨው ሽታ ካለው ደግሞ ፈልጋ ትበላዋለች። የተበላ ፌስታል በሆዷ ውስጥ አይፈጭም፣ አይበሰብስም። አንዱ በአንዱ ላይ እየተጠቀለለ ትልቅ ቋጠሮ ይሆናል። የሣሩን ቦታ ይይዛል፤ መተላለፊያውንም ይዘጋል። ላሚቱ መብላት ትቀንሳለች፤ ማመስኳት ታቆማለች፤ ወተቷ ይጎድላል፤ ሆዷ ይነፋል። በመጨረሻም ከስታ ትሞታለች። በሬም እንዲሁ ነው። በሬ የሞተበት ገበሬ ጥማዱ ጎደለ፣ እርሻው ቆመ ማለት ነው። እንግዲህ ለአራስ የተላከ ቅቤ መጠቅለያ የጎረቤትን በሬ ሊገድል ይችላል።

«እናቃጥለው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ፌስታል ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ጤና ይጎዳል። በምድጃ ከተቃጠለ ጭሱን የሚስቡት እናቲቱና ሕፃናቱ ናቸው። «እንቅበረው» ቢባልም ብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል። ውኃ ወደ መሬት እንዳይሰርግ፣ የእህሉ ሥር እንዳይዘረጋ ያግዳል።

ስለዚህም ነው ሕግ የወጣው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። ሕጉ መልካም ነው። የራሳችንን ግጦሽ የምንጠብቀው ግን እኛው ነን።

ታዲያ በምን እንጠቅልል?

አንደኛ፣ በቅጠል። የኮባ ቅጠል ይታጠባል፤ ወፍራሙ የመሀል አጥንቱ ይወጣለታል። በእሳት ወላፈን ላይ ጥቂት ሲያልፍ ይለሰልሳል፤ ሲታጠፍም አይቀደድም። ቅቤ፣ አይብና ዳቦ ተጠቅልሎበት በቃጫ ይታሰራል። ሥራውን ሲጨርስ ከብት ቢበላው አይጎዳውም፤ ቢጣልም በስብሶ ማሳውን ያዳብራል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ በአሮጌ ጨርቅ። ያረጀ ነጠላ ወይም ቀሚስ ይታጠብና ደህናው ቦታ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። ዳሩ ይሰፋል። ዕቃውን መሀል ላይ አስቀምጡ፤ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ጫፎች ቋጥሩ፤ ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን ቋጥሩ። ቋጠሮው ራሱ እጀታ ይሆናል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እናቶች ገንዘብ በነጠላ ጫፍ ይቋጥሩ የለም እንዴ? በጃፓን አገርም ስጦታን ፉሮሺኪ በሚባል አራት ማዕዘን ጨርቅ መቋጠር የቆየ ልማድ ነው።

ሦስተኛ፣ በቅርጫት። እንቁላል የሚሰበረው እርስ በርሱ ሲጋጭ ነው። ቅርጫቱ ላይ ጭድ ጎዝጉዙ፤ በእንቁላሉ መካከልም ጭድ አስገቡ። እንቁላሉ ሲወጣ ጭዱ ለከብት ይሰጣል።

አራተኛ፣ በወረቀት። የልጆች አሮጌ ደብተር ወይም ጋዜጣ ስኒ፣ ልብስና መጽሐፍ ለመጠቅለል ጥሩ ነው። ቅቤና ዳቦ ግን አይጠቅለልበት፤ ቀለሙ ከምግቡ ጋር ይነካካል። ወረቀቱን ከመቅደዳችሁ በፊት አንብቡት። ምናልባት የግብር ደረሰኝ ወይም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሊሆን ይችላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት ሳያውቅ ሊቀድደው ይችላል፤ እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የፀረ ተባይ ወይም የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ዕቃ፣ ጠርሙስም ሆነ ከረጢት፣ ለምግብ ወይም ለመጠጥ ፈጽሞ አይሁን። አሥር ጊዜ ቢታጠብም መርዙ ለቀቀ ተብሎ አይታመንም። የማዳበሪያ ከረጢትም ለሚበላ ነገር አይሁን። አዲስ ነገር ቆጥቦ አሮጌውን መጠቀም መልካም ነው፤ ሰው የሚገድለውን ዕቃ ግን መለየት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፣ አገልግሉንና ጨርቁን የተቀበለ ሰው ለባለቤቱ ይመልስ። ብዙ እናቶች የመጣላቸውን ዕቃ ባዶውን አይመልሱም፤ ጥቂት ቆሎም ቢሆን ያደርጉበታል። አንድ ዕቃ በዚህ ዓይነት ስንት ቤት ያገለግላል!

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን ተነጋገሩበት። ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ ፌስታል ይዞ ላለመሄድ ተስማሙ። ግጦሽ ላይ የወደቀውን ልጆች ሰብስበው ከብት ከማይደርስበት ቦታ ያድርጉት። ስጦታችን ለተቀበለው ደስታ እንጂ ለጎረቤት ኀዘን አይሁን።