የጀልባ መቀመጫ ለምን ይሰነጠቃል?

ዛሬ በጣና ሐይቅ ሰው ለሚያመላልሱ ባለጀልባዎች ስለ ቪኒል መቀመጫ እናወራለን። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነውና ፀሐዩ ይበረታል። ቪኒልን የሚያለሰልሰው ውስጡ የተቀላቀለ ኬሚካል ነው፤ ሙቀት ቀስ በቀስ ሲያወጣው ላዩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ ደግሞ ስፖንጁን ያሻግተዋል።

ለጽዳቱ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በተለይ ስፌቱን በደንብ እሹት፤ እድፍና እርጥበት የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ አለቅልቁና በጨርቅ አድርቁት። በረኪና ግን አደራ! የስፌቱን ክር ይበላዋል። ቤንዚንም ያው ነው፤ ማለስለሻውን ይመጠዋል። ጀልባዋ ስትቆም ሸራ አልብሷት፤ መቀመጫው መድረቁን አይታችሁ፣ ለአየር መግቢያም ትታችሁ።