አንድ ጊዜ መውደቅ መቅረት አይደለም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእድራችን ዳኛ ስለ ትምህርት ጥቂት ቃል እንዳሰማ ባዘዙኝ ጊዜ «እኔ 6ኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ኮሌጅ ምን አውቃለሁ?» ብያቸው ነበር። እርሳቸውም «ልጅ አላስተማርክም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ጎበዝ ተማሪ አይደለም። ጎበዙ መንገዱን ያውቀዋል። የምናገረው ከ50 ተማሪ 25ኛ ስለሚወጣው፣ ስለ መካከለኛው ልጅ ነው። በአብዛኞቻችን ቤት ያለው እርሱ ነውና።

እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሆነ። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ በመላው አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ከመቶ 3.2 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. እንኳ ተሻሻለ ተብሎ ከመቶ 8.4 ነው። እንግዲህ ከመቶው ልጅ ከዘጠና በላዩ «ወደቀ» ተባለ ማለት ነው። ያን ሰሞን በየሰፈሩ ድንኳን ያልተተከለበት ለቅሶ ነበር።

የእኔም ቤት አንዱ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ ለግማሹ አልደረሰችም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ አባትዋ በዚያ ሰዓት ምን አልኩ? «ትምህርት ለአንቺ አልተጻፈም፤ ሞጆ ዘመዳችን ሱቅ ግቢና እንጀራሽን ፈልጊ» አልኳት። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

ባለቤቴ ግን ሌሊት ላይ ቀስ ብላ «አንተ የጽሕፈት መኪና ፈተና ስንት ጊዜ ነው የወደቅኸው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ መሥሪያ ቤት የገባሁት በተላላኪነት ነው። ወደ መዝገብ ቤት ጸሐፊነት ለማደግ ጽሕፈት መኪና መፈተን ነበረብኝ። የአማርኛውን መኪና የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጣት ያሳብዳል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እየቀረሁ ተለማመድኩ። ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ጡረታዬን የምበላው በዚያ በሦስተኛው ነው። ለራሴ ሦስት ጊዜ ፈቅጄ ለልጄ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የፈቀድኩላት። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ያን ዓመት መንግሥት ለግማሹ ካልደረሱት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸውን በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ልጆቹ ሪሚዲያል የሚሉትን፣ አስጀመረ። ልጄም ተመደበች። ጥሪው እስኪመጣ ቤት ተቀምጣ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነውና።

አንድ ባዶ ደብተር ገዛች። የድሮ ፈተናዎችን እየሠራች የሳተችውን ጥያቄ ብቻ በደብተሩ ላይ ትጽፋለች፤ ከጎኑ ለምን እንደሳተች፤ ከዚያም ቀኑን። በሳምንቱ ተመልሳ ያንኑ ትሠራለች። ካገኘችው ትሰርዘዋለች፤ ከሳተችው እንደገና ቀን ትጽፍበታለች። እኔ የገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝና ገባኝ። መልስ ያላገኘ ደብዳቤ ከመዝገብ አይሰረዝም። ልጄ የጎደላት ጭንቅላት አልነበረም፤ ያላወቀችውን ለይቶ የሚያሳያት መዝገብ ነበር።

ሪሚዲያሉን አለፈች። በአንደኛ ዓመት ደግሞ አንድ ትምህርት ወደቀች። ደነገጥኩ፤ እርሷ ግን «አባዬ፣ ደብተሩ አለ» አለችኝ። ደግማ ወስዳ አለፈች። ዛሬ ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ ናት። አሁንም መካከለኛ ናት፤ ግን እየሄደች ነው።

ከተማችንን ብታዩ የቅርቡ ምሳሌ እዚሁ አለ። የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነበር። ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የአሁኑን ስም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሌጁ ራሱ ደረጃ በደረጃ ነው የወጣው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን ስል የጣረ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ብዬ አልዋሻችሁም። በግል እንደገና የሚፈተን አለ፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያድግ አለ፤ ቀን እየሠራ ማታ የሚማር አለ። መንገዱ ብዙ ነው። የሚዘጋው እኛ ወላጆች ስንዘጋው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ውጤት የመጣ ዕለት ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ሁለተኛ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራና ከመላላክ ነጻ አድርጉት፤ በተለይ ሴቶቹን። ሦስተኛ፣ ወንበሮቻችን ለቅሶ ቤት ባልወጡበት ምሽት የእድራችን አዳራሽ ለተማሪዎች ማጥኛ እንዲከፈት ኮሚቴው ይወስንልን። መብራቱም ወንበሩም አለ።

እድራችን የሞተውን በወግ ይቀብራል። ያልሞተውን ልጅ ግን በቁሙ አንቅበረው።

 ፈጣሪ ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን።