የፒን ማዋቀሪያ ኤዲተር ምክንያቱን ይናገር



የማይክሮኮንትሮለር ፒኖችን በብራውዘር ላይ የሚያዋቅር መሣሪያ ለመሥራት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከስዕሉ ይጀምራል። ቺፑ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሳላል፤ ፒኖቹ ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ የተስማማው አረንጓዴ፣ የተጋጨው ቀይ ይሆናል። ለዓይን ያምራል። እኔ ግን ኤዲተሩ ከሁሉ አስቀድሞ የቺፑን ሕጎች ከነምክንያታቸው የያዘ መዝገብ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለውን ቺፕ እንመልከት። ዩኤስቢ የሚሠራው በፒኤ11 እና በፒኤ12 ነው። በመኪና ውስጥ የተለመደው ካን የተባለው የመገናኛ መስመርም መነሻ ቦታው እነዚሁ ሁለት ፒኖች ናቸው። ፒን ብቻ የሚቆጥር ኤዲተር ካንን ወደ ፒቢ8 እና ፒቢ9 ያዛውርና ሁሉንም አረንጓዴ ያደርጋል። ነገሩ ግን አልተፈታም፤ ዩኤስቢና ካን አንዲት የ512 ባይት ማህደረ ትውስታ ስለሚጋሩ የትም ፒን ላይ ቢቀመጡ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ይህን ያላወቀ ሰው የሚነቃው ቦርዱ ታትሞ፣ ተበይዶ፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

«ይህማ በአምራቹ መመሪያ ተጽፏል» የሚል አይጠፋም። ተጽፏል፤ መመሪያው ግን ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም ፒን የሚመርጥ ሰው በማይገልጠው ምዕራፍ ተቀምጧል።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሕጉ ከታወቀ የተሳሳተውን ምርጫ መዝጋት እንጂ ማብራሪያ ምን ያደርጋል? ኢኤስፒ32 የተባለው ሌላ ቺፕ ጂፒአይኦ12 የሚባለው ፒኑ መልሱን ይሰጠናል። ቺፑ ሲነሳ፣ በተለመደው አሠራር፣ ይህን ፒን አንብቦ ፍላሽ ለተባለው የፕሮግራም ማከማቻ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ይወስናል። በዚያች ቅጽበት ፒኑ ከፍ ብሎ ከተገኘ 1.8 ቮልት ይመርጣል፤ 3.3 ቮልት የሚሻ ፍላሽ ያለው ሞጁልም አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ግን ፒኑ ለሌላ ሥራ ነፃ ነው። ኤዲተሩ ቢዘጋው ደህናውን ፒን ያባክናል፤ ዝም ቢል ተጠቃሚውን ወጥመድ ውስጥ ይከታል። ምክንያቱን ከነገረው ግን መሐንዲሱ በፒኑ ላይ የሚያያይዘው ነገር ቺፑ ሲነሳ ፒኑን ከፍ ያደርግ እንደሆነና እንዳልሆነ ራሱ ያውቃል፤ ውሳኔውም የእሱ ነው። እርግጥ ነው፣ ጭራሽ የማይሆነው እንደ ክልክል፣ በሁኔታ የሚሆነው እንደ ማስጠንቀቂያ ተለይቶ መታየት አለበት።

እንዲህ ያለ ኤዲተር የምትሠሩ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ሕግ ከመመሪያው ገጽ ቁጥር ጋር በተራ የጽሑፍ ፋይል አስፍሩ፤ ስህተት ያገኘ ሰው እንዲያርመውም ፋይሉን ክፍት አድርጉት።