መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፦ ያለጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ምርምር ምን አስተማረ?

ለሕግ አውጪ ጽሕፈት ቤት ባልደረቦችና ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች የቀረበ ንግግር



ያለጊዜው የሚወለድ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በሳንባው ነው። ሳንባው በቅጡ ሳይጎለብት የተወለደ ጨቅላ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚያሳልፈው ለመተንፈስ እየታገለ ነው። ኒውዚላንዳዊው ሐኪም ግርሃም ሊጊንስ በበጎች ላይ ባካሄዱት ምርምር ለዚህ ችግር የመፍትሔ ፍንጭ አገኙ። ከባልደረባቸው ከሮስ ሃዊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናትም፣ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የጽንሱን ሳንባ እንደሚያጎለብትና የጨቅላዎችን ሞት እንደሚቀንስ አሳዩ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ መድኃኒቱ በስፋት እንዲሰጥ የመከረው በ1994 ነበር። በግኝቱና በምክሩ መካከል 22 ዓመታት አለፉ።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ከዚህ ይከብዳል። መድኃኒቱ ርካሽ በመሆኑ፣ በድሆች አገሮች በየጤና ተቋሙ ቢዳረስ ብዙ ሕይወት ያድናል የሚል እምነት ነበር። ይህን ለመፈተን በአርጀንቲና፣ በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ 100,000 ያህል ወሊዶችን ያካተተ ጥናት ተካሄደ። በ2015 የታተመው ውጤት ከተጠበቀው የተለየ ሆነ። እጅግ ዝቅተኛ ክብደት ይዘው በተወለዱት ዘንድ ሞት አልቀነሰም። በጠቅላላው ሲታይ ደግሞ መድኃኒቱ እንዲስፋፋ በተደረገባቸው አካባቢዎች ከ1,000 ሕፃናት 27.4 ሲሞቱ፣ በነባሩ አሠራር በቀጠሉት 23.9 ሞቱ። በእናቶች ላይ የተጠረጠረ ኢንፌክሽንም ጨመረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄውን እንደገና አነሣ። በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በሚገኙ 29 ሆስፒታሎች 2,852 እናቶች ተሳተፉ። የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተረጋገጠ፤ የጠና ኢንፌክሽን ምልክት የታየባቸው አልተካተቱም፤ ሆስፒታሎቹም ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ለመንከባከብ የሚችሉ ነበሩ። በ2020 በታተመው ውጤት፣ ዴክሳሜታሶን ከተሰጣቸው እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት መካከል 19.6 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተሰጣቸው ከተወለዱት ደግሞ 23.5 በመቶ ሞቱ። ጥቅሙ ግልጽ በመሆኑ ጥናቱ ከታቀደው ጊዜ በፊት ተቋጨ።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተመሳሳይ መድኃኒት እርግዝናው በትክክል በሚቆጠርበት ሲያድን፣ በግምት በሚታደልበት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ እነዚያ እናቶች በጥናቱ ባይሳተፉ ኖሮ ጉዳቱ ማንም ሳያውቀው በተስፋፋ ነበር። ነፍሰ ጡሮችን ከምርምር ማግለል ከአደጋ መጠበቅ ይመስላል፤ በተግባር ግን አደጋውን ከተመራማሪው ክትትል አውጥቶ ክትትል ወደሌለበት የማዋለጃ ክፍል ማዛወር ነው።

በ2019 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። በውጭ አገር ሆነው ለእነዚህ ሕፃናት የሚሟገቱ ወገኖችና የሚያነጋግሯቸው የሕግ አውጪ አማካሪዎች፣ ማንኛውም የእርዳታ በጀት ሲቀርብ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሡ ይገባል፦ መድኃኒቱ የተፈተነው በሚሰጥበት ዓይነት ሥፍራ ነውን? ገንዘቡ ከመርፌው ጋር አልትራሳውንዱን፣ ሠልጣኟን አዋላጅና የጨቅላዎችን ክፍል ይሸፍናልን? መድኃኒቱ ከተዳረሰ በኋላ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት የሚቆጥረው ማን ነው?

በጀቱ መርፌውን ገዝቶ ቆጣሪውን ካልቀጠረ፣ የ2015ቱ ውጤት ቢደገም የሚያውቅ አይኖርም።