ስለ ዋይፋይ ሳጥናችን አያያዝ

(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ይደርስ ዘንድ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



በዛሬው ዕለት እንድናገር የታዘዝኩት ስለ ራውተር ነው። ራውተር ማለት ያ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ አረንጓዴ መብራት የሚያብለጨልጨው፣ እኛ በደፈናው «ዋይፋይ» የምንለው ሳጥን ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ነገር ግን በዚህ ሳጥን ምክንያት የደረሰብኝ ነገር ስላለና ከዚያም ወዲህ ጉዳዩን ተከታትዬ የተማርኩት ስላለኝ፣ ኮሚቴው ያንኑ እንዳካፍላችሁ ጠይቆኛል።

አምና በክረምት የእናታችን የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። ጅዳ ያለችው ታናሽ እኅቴ ለቀብሩ መምጣት ስላልቻለች፣ ከአሠሪዎቿ ሰዓት አስፈቅዳ ተዝካሩን በቪዲዮ ልትከታተል ተቀጣጥረን ነበር። በዋዜማው ኢንተርኔቱ አዘገመ። አንድ ስልክ የሚጠግን ወጣት ባማክረው «ጋሼ፣ ሪሴት ያድርጉት» አለኝ። እኔም ከሳጥኑ ኋላ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ ሰድጄ ተጫንኩ። መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው ተመልሰው በሩ፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ለካ ያች ቁልፍ ሳጥኑን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጋ ታስቀረዋለች! የመስመራችን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ተሰርዟል። የተጻፈው ውሉ ላይ ነበር፤ ውሉ ደግሞ የት እንደገባ ማን ያውቃል። በስልክ ዳታ ብንሞክር ድንኳኑ ውስጥ ምስሉ እየተቆራረጠ እንቢ አለ። ባለሙያ መጥቶ እስኪያስተካክለው 4 ቀን ፈጀ። እኅቴ ተዝካሩን አላየችም። አሁንም ስንደዋወል አልፎ አልፎ ታነሳብኛለች፤ እውነትም አላት።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ላስገነዝብ የምወደው፣ አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት ማድረግ ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ኢንተርኔት ሲያዘግም ሶኬቱን ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት የሚያጠፋው ሴቲንግ የለም፤ ብዙ ጊዜም ይበቃል። የመርፌዋ ቀዳዳ ግን የመጨረሻ መፍትሔ ነች። እሷንም የምትነኩት የመስመራችሁ ስምና የይለፍ ቃል በእጃችሁ መኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር ቁልፎቹ ሁለት መሆናቸው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው ለእንግዳ የምንሰጠው የዋይፋይ ፓስዎርድ ነው። ይኸ እንደ ግቢ በር ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ግን የሳጥኑን ሴቲንግ የሚከፍተው የአስተዳዳሪው ፓስዎርድ ነው። በስልካችሁ ወይም በኮምፒዩተራችሁ መክፈቻ ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ስትጽፉ (ቁጥሩ እንደ ሳጥኑ ዓይነት ይለያያል፤ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ) ስምና ፓስዎርድ የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል። በብዙ ቤት እዚያ የሚገባው ከፋብሪካ የመጣው ቃል ነው፤ ስሙም «አድሚን»፣ ፓስዎርዱም «አድሚን» የሆነበት ሞልቷል። ቤት የምታከራዩ ጎረቤቶቼ ይኸን ልብ በሉ። ተከራዩም፣ የተከራዩ ጓደኛም፣ ዋይፋዩን የያዘ ሁሉ ይኸን ገጽ ከፍቶ እንደ ባለቤት ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። የዋይፋዩን እየለወጣችሁ ይኸኛውን ብትተዉት፣ የግቢውን በር ቆልፎ ሣጥኑን ከነገንዘቡ ክፍት እንደ መተው ነው።

«የእኔን ምስኪን ሳጥን ማን ፈልጎት?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ አደገኛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ እየዞረ ራውተሮችንና የጥበቃ ካሜራዎችን ይሞክር ጀመር። የተለየ ጥበብ አልነበረውም፤ የያዘው ከፋብሪካ የሚመጡ ወደ 60 የሚሆኑ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶችን ብቻ ነው። በእነዚያ እየሞከረ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ዕቃዎችን በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን፣ የተያዙት ዕቃዎች በአሜሪካን አገር ዲን በተባለ ድርጅት ላይ በአንድነት ዘምተው፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለሰዓታት ለብዙ ሰው እንዳይከፈቱ አደረጉ። ባለቤቶቹ ምናልባት «ኢንተርኔቱ ዛሬ ምን ነካው» ብለው ይሆናል እንጂ ቤታቸው ያለው ሳጥን እንደ ዘመተ አላወቁም። የሚገርመው፣ ሚራይ ሳጥኑን አጥፍቶ በማብራት ይለቅ ነበር። ነገር ግን ፓስዎርዱ ካልተለወጠ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2024 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑና በቀላሉ የሚገመቱ ፓስዎርዶች ያሏቸው ዕቃዎች ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን እንለውጠው።

እዚያው ገጽ ላይ ሳላችሁ፣ ከቤት ውጭ ሆኖ ሴቲንጉን ለማዘዝ የሚፈቅድ ቦታ ካለና እናንተ ካልከፈታችሁት በቀር ዝጉት። ያለ ፓስዎርድ በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለውንም እንደዚሁ። ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ተገልጧል።

በዚህ መካከል አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው «ሳጥኑ የኛ ሳይሆን የአገልግሎት ሰጪው ከሆነስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንዲህ ባሉት ላይ አንዳንዱ ሴቲንግ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ የውስጥ ፕሮግራሙንም ድርጅቱ ራሱ ከሩቅ ሊያድስ ይችላል። የተቆለፈውን ለመክፈት አትታገሉ። የአስተዳዳሪውን ፓስዎርድ ለመለወጥ ግን የሚፈቅድ ከሆነ ለውጡት፤ ካልፈቀደ ድርጅቱን ጠይቁ።

የራሳችሁን ገዝታችሁ የምትጠቀሙ ግን የውስጡ ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ በየጊዜው ይታደሳል። እድሳቱ የሌባ መግቢያ የሆኑ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ሲሠራ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በተለይ በእኛ ሰፈር! እድሳቱ እየተካሄደ መብራት ከሄደ ሳጥኑ ላይነሣ ይችላል። እኔ መብራት በሚመላለስበት ቀን ፈጽሞ አልነካውም፤ ሄዶ የመጣ ዕለት ደግሞ እስኪረጋ እተወዋለሁ። ፋይሉም ከሠሪው ድርጅት ገጽ ብቻ ይምጣ፤ ከሥሩ ከተጻፈው የሞዴል ስምና የቨርዥን ቁጥር ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ስሙ አንድ ሆኖ ቨርዥኑ የተለየ ሳጥን አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ «ባክአፕ» የሚለውን ተጫኑ። ሳጥኑ ያለውን ሴቲንግ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ነገር ከተበላሸ በዚያው ሳጥን ላይ «ሪስቶር» ብሎ መመለስ ነው። እኔ ይኸን በዋዜማው ባውቅ ኖሮ ሥራው የ5 ደቂቃ ነበር። ፋይሉ ፓስዎርዶቻችሁን ስለሚይዝ በቴሌግራም ለሰው አይላክ። ደግሞም በወረቀት ጻፉት፤ ኮምፒዩተርም ይሞታል። የእኔ አሁን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ኤንቨሎፕ ውስጥ ነው፤ ልጆቼ ይሥቁብኛል፣ ይሣቁ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጎረቤታችን (ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው) ልጆቹ በጊዜ እንዲተኙ ብለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ኢንተርኔቱ እንዲዘጋ አዘዙት። 3:00 እና 12:00 ብለው ጻፉ። ሳጥኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ልጆቹ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲጫወቱ አመሹ፤ አባት ጠዋት ዜና ሊያዩ ቢሉ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተዘግቶባቸው ዋሉ! ሊጻፍ የሚገባው 21:00 እና 6:00 ነበር። የሰዓት ክልሉንም ተመልከቱ፤ አዲስ አበባ የሚል ካጣችሁ ናይሮቢን ምረጡ፣ ሰዓቱ አንድ ነው። ብዙ ራውተር የሰዓት ባትሪ ስለሌለው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ነው የሚጠይቀው። ኢንተርኔት እስኪመለስ ድረስ በመዝገቡ ላይ 1970 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ።

በሚመጣው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ አዳራሽ እገኛለሁ፤ ኮምፒዩተር የተማሩ ሁለት የሰፈራችን ልጆችም አብረውኝ ይሆናሉ። የምትመጡ ሰዎች ሳጥኑን ነቅላችሁ አታምጡ። ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ አንሡና ፎቶውን ይዛችሁ ኑ። ውላችሁንም ከወዲሁ ፈልጉ። አዲሱን ፓስዎርድ ግን ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ፤ ቤታችሁ ገብታችሁ ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ።