ክረምት በየአገሩ

(በመካነ ኢየሱስ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ቡሄ ካለፈ ክረምት እንደሌለ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ ሲጮህ፣ ልጆችም ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ፣ ጭጋጉ ሊገለጥ ነው፣ ወንዙም ሊጎድል ነው ይባላል። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ አባባል በየትኛው አገር እንደሚሠራና በየትኛው እንደማይሠራ ነው። ክረምት የሚገባበትንና የሚወጣበትን ጊዜ የሳተ ገበሬ የዓመት እህሉን ሊያጣ ይችላልና ነገሩ የጨዋታ አይደለም።

በትግራይና በዋግ በኩል አብዛኛው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ያቋርጣል። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ እየተባለ ልጃገረዶች የሚጫወቱበት የነሐሴ አጋማሽም ከዚሁ ከክረምቱ መገባደጃ ጋር ይገጥማል። እዚያ የቡሄው አባባል ልክ ነው። በእኛ በኩል ግን ዝናቡ ወደ መስከረም ይዘልቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ትቆጥራለች። ወደ ቡናው አገር፣ ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር ብትሄዱ ደግሞ ዝናቡ በመጋቢት ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል። በዚያ ቡሄ አለፈ ብሎ ክረምት ወጣ የሚል ሰው ቢኖር ዝናብ ይመታዋል።

ቦረና ሲደረስ ነገሩ ፈጽሞ ይገለበጣል። እኛ በጭቃ የምንዋጥባቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት ለቦረና ከብት አርቢ ደረቅና ቀዝቃዛ ናቸው፤ አዶሌሳ ይላቸዋል። ዋናው ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ስሙም ገና ነው። (የልደትን በዓል ማለቴ አይደለም።) የሚያስደንቀው፣ በሸዋና በወለጋ ያለው ኦሮሞ ይህንኑ ቃል የሚጠራበት ለሰኔና ለሐምሌው ክረምት መሆኑ ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ዝናብ! ሶማሌውም ዋናውን የሚያዝያ ዝናብ ጉ፣ የጥቅምቱን ዴር ይለዋል፤ አፋር የሐምሌውንና የነሐሴውን ካርማ ይለዋል።

ከውጭ አገር የተተረጎመ የእርሻ መጽሐፍ የምታነቡ ባልደረቦቼም ተጠንቀቁ። የአውሮፓ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የበረዶ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ በጋ ላይ ነን። የክረምት ስንዴ የሚሉትም ከብርዱ በፊት ተዘርቶ ብርዱን ካላገኘ በደንብ የማያሸት ዐይነት ነው እንጂ ለእኛ ሐምሌ የተዘጋጀ ዘር አይደለም።

በዓመትና በዓመት መካከል ያለውንም ልዩነት የስማዳ ቆላ ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ በተባለው የውቅያኖስ ሙቀት ምክንያት የሰሜኑና የምሥራቁ ክረምት ከሸፈ፤ በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው። ይኸው ኤልኒኞ ብዙ ጊዜ በደቡብ ምሥራቅ በኩል የጥቅምቱን ዝናብ ያበረታል። ለአንዱ ድርቅ ያመጣ ለሌላው ጎርፍ ያመጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ጀማሪ ሠራተኛ ሳለሁ ዝናብ በሚያንስበት አገር ውሃን አግቶ የሚያስቀር ጠፍጣፋ እርከን አይቼ በጣም ወደድሁት። የኮንሶ ሰዎች በድንጋይ ካብ የሠሩት፣ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው እርከን፣ ሥራው ይኸው ነው፤ የወረደው ዝናብ ሳያመልጥ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። እኔም ዝናብ ወደሚበዛበት ደጋ ተዛውሬ፣ በዋልካ ማሳ ላይ ያንኑ አሠራሁ። ባለ ማሳው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይህ እርከን ለውሃው በር የለውም» አሉኝ። «አባቴ፣ ውሃው መቅረት አለበት» አልኋቸው። የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ ውሃው ከእርከኑ በላይ ተኛ፤ ስንዴው ቢጫ ሆነ። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ሌሊት እርከኑ ተደረመሰና ጎርፉ የጎረቤታቸውን ባቄላ ጭምር ጠርጎ ወሰደው። ጎረቤትየው ከሰሱ፤ ሽማግሎች ተቀመጡ፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ካሣውን የከፈሉት ባለ ማሳው ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመትም ዘር ተበደሩ። እኔ ደመወዜን ተቀበልሁ።

ከዚያ ወዲህ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ በኩል ያለውን ሥራ ሳይ የተሳሳትሁት ምን እንደ ሆነ ገባኝ። የእነዋሪ ገበሬ በዋልካው ላይ አፈሩን በእጁ ከፍ ከፍ አድርጎ ይደለድልና በመካከሉ ውሃው የሚንጣፈፍበትን ቦይ ይተዋል። ኮንሶ ያግታል፤ እነዋሪ ይለቃል፤ ሁለቱም በየአገራቸው ትክክል ናቸው።

የእናንተ አገር አስቸጋሪነቱ ሁለቱም ስለሚያስፈልጉት ነው። ከጉና ሥር ካለው የገብስና የድንች ደጋ ተነሥቶ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ ሲወረድ ዝናቡም አፈሩም ይለዋወጣል። ዝናቡ አጭር በሆነበት በቆላው ቀላል አፈር ጠፍጣፋ እርከን ይሻላል። በደጋውና በዋልካው ግን እርከኑ ጥቂት ዘንበል ማለት አለበት፤ በ10 ሜትር ርዝመት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። እናንተ ፈሰስ የምትሉት ቦይ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ቁልቁል ቀጥ ብሎ ሲወጣ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል፤ አፈሩንም በጉማራና በርብ ይዞ ጣና ያገባዋል። ስለዚህ ፈሰሱ አግድም፣ በዝግታ ይሂድ። የሚገባበት ማፋሰሻም ከእርከኑ በፊት ተቆፍሮ ሣር ይልበስ። ይህ ሳይደረግ እርከኑን ማስቀደም የእኔን ጥፋት መድገም ነው። ማፋሰሻው በማን ድንበር እንደሚያልፍም ከታች ካለው ጎረቤት ጋር አሁን፣ ምድሩ ደረቅ ሳለ፣ ተነጋገሩ፤ በነሐሴ ሌሊት መነጋገር አይቻልም።

ባልደረቦቼ ደግሞ በየቀበሌያችሁ ለዘር የሚበቃው ዝናብ የጣለበትን ቀንና የመጨረሻውን ዝናብ ቀን በደብተር ጻፉ። የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ የሚናገረው ስለ ሰፊ አገር ነው፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ያለውን ደጋና ቆላ አይለይላችሁም። ሽምብራና ጓያ በዋልካ ላይ የሚዘራ ሰውም ቡሄን ብቻ አይቁጠር፤ አፈሩን ቆፈር አድርጎ ውሃው መሸሹን፣ እርጥበቱ ግን አለመድረቁን በእጁ ይይ።

ገመድ፣ ሁለት ቋሚ እንጨትና የውሃ ልክ ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ ከዚህ በታች ወዳለው ማሳ ወርደን አንድ እርከን አብረን እንለካለን፤ የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች ሁለቱም ቢገኙ እወዳለሁ።