ዓይን ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ ይታይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ማኅበራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ይህ ደግ ሥራ ነው፣ ይቀጥላል። ነገር ግን ሰው ከመሞቱ በፊትስ ምን እናድርግ? ዛሬ ይህን እናንሣ ብለናል። የመረጥነው ጉዳይ የጉበትና የሐሞት ሕመም ነው፤ ቶሎ ከታየ ብዙውን ጊዜ መላ አለው፣ ከዘገየ ግን ይገድላል።

እኛ አገር ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ይባላል። የሌሊት ወፍ አልፋበት ነው እየተባለ ሥር የሚያጠጣ አለ፣ በጋለ ብረት የሚተኩስም አለ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቢጫ መሆን ምልክት ነው እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። በቀጭን ቱቦ ወርዶ በሐሞት ከረጢት ይጠራቀምና ምግብ ስንበላ፣ ይልቁንም ቅባት ያለበት ሲሆን፣ ወደ አንጀት ይፈሳል። ዓይን ቢጫ የሚሆነው በብዛት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ጉበቱ ራሱ ሲታመም ነው፤ በቫይረስ፣ በመጠጥ፣ በመድኃኒት፣ ምንነቱ ባልታወቀ ሥርም ጭምር። ሁለተኛው ቱቦው ሲዘጋ ነው፤ በጠጠር፣ በዕጢ፣ አንዳንዴም ከአንጀት ሽቅብ በወጣ ወስፋት። የአንደኛው ሕክምና ለሁለተኛው አይሆንም። ከውጭ ሲያዩአቸው ግን ሁለቱም ያው ቢጫ ናቸው። ታዲያ ማን ይለያቸው? የሚለያቸው የደም ምርመራና ውስጥን የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

ከመሣሪያዎቹ አንጋፋው ራጅ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጨረር ማለት ነው። ጀርመናዊው ሮንትገን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ የአድዋ ድል ዓመት መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ከጦርነቱ ቆስለው ናፖሊ የገቡ የጣሊያን ወታደሮች በክንዳቸው የቀረው ጥይት በራጅ ተፈልጎላቸዋል። ራጅ አጥንትና ጥይት ያሳያል እንጂ አብዛኛውን የሐሞት ጠጠር አያሳይም። ስለዚህ «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተብያለሁ» ማለት ለጉበት መተማመኛ አይሆንም።

ለጉበትና ለሐሞት የመጀመሪያው በር አልትራሳውንድ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚታዩበት ያው መሣሪያ ነው፤ ጨረር የለውም። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሆድ ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ወደ ሥዕል ይለውጣል። ጠጠር ድምፁን ስለሚያግድ ከኋላው ጥላ ይጥላል። ቱቦው ከታች ሲዘጋ፣ እንደተደፈነ ቦይ፣ ከላይ ሰፍቶ ይታያል። በጉበት የቋጠረ መግል፣ ከውሻ የሚመጣ ትል የሠራው የውኃ ከረጢት፣ ዕጢም ቢሆን ሊታይ ይችላል። ለምርመራው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል፤ ከተበላ የሐሞት ከረጢቱ ስለሚኮማተር ጠጠሩ ደህና አይታይም። ዐቢይ ጾምንና ረመዳንን ለምንጾም ሰዎች ይህ ከባድ አይደለም።

የቱቦው ጫፍ በአንጀት አየር ተሸፍኖ ካልታየ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሊያዝ ይችላል። ሲቲ ስካን የራጅን ጨረር በዙሪያ እያዞረ ሰውነትን ንብርብር በንብርብር ያሳያል። ብዙ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ ስላለው ኩላሊት የሚያመው፣ አለርጂ ያለበት፣ ያረገዘችም አስቀድማ ትናገር። ኤምአርአይ በማግኔት ስለሚሠራ በሰውነቱ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ ያለበት ሰው ሳይናገር አይግባ።

መሣሪያው ለማየት ብቻም አይደለም፣ ለማከምም ያገለግላል። የጉበት መግል በአልትራሳውንድ እየተመሩ በመርፌ ይቀዳል። በቱቦው የተቀረቀረ ጠጠር ደግሞ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ በራጅ እየታየ፣ ሆድ ሳይቀደድ ሊወጣ ይችላል። አንዲት የሰፈራችን እናት ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ቀኝ ጎናቸውን ሲያማቸው፣ ዓይናቸውም ቢጫ ሆኖ፣ ሦስት ሳምንት ሥር ሲጠጡ ቆዩ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲላቸው ልጆቻቸው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። አልትራሳውንዱ ጠጠር አሳየ፣ ጠጠሩም ወጣላቸው፤ ዛሬ በመካከላችን አሉ። ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ።

ይሁን እንጂ አልትራሳውንድ ሁሉን አያውቅም። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ያለበት ሰው ጉበቱ በሥዕል ለዓመታት ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ቫይረሱ የሚታወቀው በደም ነው። የቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁላችን አንድ ጊዜ ብንመረመር ይበጀናል። ሲ በሚዋጥ መድኃኒት በአብዛኛው በ3 ወር ይድናል፤ ቢ ደግሞ ይገታል። ጉበቱ ጠባሳ ይዞ የደረቀበት ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይታይ፤ ዕጢ የሚድነው ትንሽ ሳለ ከተገኘ ነውና።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ከሥርም ከትኩስም በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ትኩሳት ወይም ብርቱ የሆድ ሕመም ከታከለበት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። የካቲት 12 እና ራስ ደስታ ሆስፒታሎች ቅርባችን ናቸው። የጤና መድኅን ያላችሁ መታወቂያችሁን አትርሱ።

2ኛ/ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን የቅርብ ጎረቤት ይሸኛቸው።

3ኛ/ ለቀብር ከምናዋጣው ጎን ለምርመራ የሚሆን መጠነኛ መዋጮ እንዲኖር በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ ይቀርባል። መጥታችሁ ወስኑ።

ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ ቢከርም ቅር የሚለን የለም።

የማኅበሩ ጸሐፊ